የድሮ መኪና «ጠንካራ» ነው ስንል ምን ማለታችን ነው?

መኪና የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ገራዥ ደጃፍም ይሁን ቡና ጠረጴዛ ዙሪያ፣ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን «እንደ ድሮው መኪና የለም!» ይላል። «ዲኤክስን እዩት፤ አርባ ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም ይሄዳል። የዘንድሮው ግን ቆርቆሮ ነው፤ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት እንደ ወረቀት ይጨማደዳል። ዋጋው ደግሞ የቤት ዋጋ!» ሌላው ወገን «እናንተ የምትነዱት ትዝታ ነው» ብሎ ይመልሳል። «አዲሱ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ኤርባግ አለው፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ነዳጅ ማደያም አያውቅም።» ክርክሩ ሰዓታት ይፈጃል፣ አሸናፊ የለውም፣ በማግስቱ እንደገና ይጀመራል።

ነገሩ ጨዋታ ይመስላል። ግን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ፣ ይሄ ክርክር የብዙ ቤተሰብ የግዢ ውሳኔ ሆኗል። ዛሬ መኪና ልግዛ የሚል ሰው ምርጫው በአብዛኛው ሁለት ነው፦ ወይ አገር ውስጥ ካሉት ያገለገለ የነዳጅ መኪና፣ ወይ ኤሌክትሪክ። ገንዘቡ የዓመታት ቁጠባ ነው፤ እቁብ ነው፤ ውጭ ያለ ወንድም የላከው ነው። ስለዚህ «ጠንካራ» የምንለውን ቃል በደንብ ሳንመረምረው ብንገዛ የምንከስረው ብር ብቻ ላይሆን ይችላል።

በምህንድስና ዓይን ስናየው «ጠንካራ መኪና» የሚለው አባባል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። ሲጋጭ ያድነኛል ወይ? ዳገት ይወጣል ወይ? ሲበላሽ ይጠገናል ወይ? እያንዳንዱ የራሱ መለኪያ አለው፣ መልሳቸውም አንድ አይደለም። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው። መጨረሻ ላይ ወደ ዋጋው እንመጣለን።

ሲጋጭ፦ መጨማደድ ድክመት ነው?

ከአንድ ፎቅ ላይ ብትወድቁ ሲሚንቶ ላይ ማረፍ ትመርጣላችሁ ወይስ ወፍራም ፍራሽ ላይ? መልሱን ማንም ያውቃል። ግን ልብ በሉ፤ መሬት ስትደርሱ ፍጥነታችሁ በሁለቱም ያው ነው። ልዩነቱ የምትቆሙበት ርቀት ነው። ሲሚንቶው በጥቂት ሚሊሜትር ያስቆማችኋል፣ ፍራሹ ግን እየሰመጠ ቀስ አድርጎ።

መኪናም እንደዚሁ ነው። በሰዓት 60 ኪ.ሜ. እየሄዳችሁ ግንብ ጋር ተጋጫችሁ እንበል። ይህ ፍጥነት በሰከንድ 16.7 ሜትር ነው። መኪናው «ጠንካራ» ሆኖ በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢቆም፣ ቀበቶ ያሰረ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ላይ የሚያርፈው ኃይል በአማካይ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ነው። የመኪናው አፍንጫ 60 ሳንቲ ሜትር ተጨማዶ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 1.7 ቶን ገደማ ይወርዳል። ይሄም ቀላል አይደለም፤ ቀበቶና ኤርባግ ካካፈሉት ግን ሰው ሊተርፍበት የሚችል ነው። የማቆሚያ ርቀቱ ስድስት ጊዜ ሲረዝም ምቱ ስድስት ጊዜ ይቀንሳል፤ ሒሳቡ ይኸው ነው።

ስለዚህ የአዲሱ መኪና ኮፈን እንደ ወረቀት መጨማደዱ የተሠራበት ዓላማ ነው። ፊቱና ኋላው እንዲጨማደድ ይለሰልሳል፤ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ እጅግ ጠንካራ በሆነ ብረት ይታጠራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የመርሴዲስ መሐንዲስ ቤላ ባሬኒ የባለቤትነት መብት ማመልከቻውን ያስገባው በ1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1959 እ.ኤ.አ. በገበያ መኪና ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን የሠራው ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ በመኪና ላይ ተገጠመ።

«ይሄ ወረቀት ላይ ነው፣ በተግባር አሳዩን» ለሚሉ መልስ የሚሆን ሙከራ አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም የ1959 ሞዴል ሸቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሞዴል ሸቭሮሌ ማሊቡ ጋር፣ ሁለቱም በሰዓት 64 ኪ.ሜ. እየሄዱ፣ ፊት ለፊት በጎን አጋጫቸው። ቤል ኤሩ ግዙፍ፣ ወፍራም ቆርቆሮ የለበሰ፣ የድሮ መኪና ወዳጆች የሚኮሩበት ዓይነት ነው። ውጤቱ? የቤል ኤሩ የሾፌር ክፍል ገብቶ ተጨፈለቀ፣ መሪውም ወደ ሾፌሩ ተገፋ፤ በውስጡ ሰው ቢኖር የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነበር። የማሊቡ አፍንጫ ድራሹ ቢጠፋም የሾፌሩ ክፍል እንዳለ ቀረ፤ ሾፌሩ እግሩ ላይ ብቻ ቀላል ጉዳት ይደርስበት ነበር ተብሎ ተገመተ። ቪዲዮው ሲወጣ አንዳንድ ወዳጆች «የቤል ኤሩን ሞተር አውጥተውታል!» ብለው ተሟገቱ። ሞተሩ ግን በቦታው ነበር።

የድሮ መኪና ወዳጆች እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ነጥብ አላቸው፦ ክብደት። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ከባዱ ያሸንፋል። ችግሩ ግን በእኛ አገር «ጠንካራ» የሚባሉት አሮጌ መኪኖች ቀላሎቹ መሆናቸው ነው። ዲኤክስ ባዶውን አንድ ቶን አይሞላም፤ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን በባትሪያቸው ምክንያት 1,700 ኪሎ ይደርሳሉ። ከነሾፌሩ አንዱን 1,000 ኪሎ፣ ሌላውን 1,800 ኪሎ እናድርገው። ሁለቱም በ50 ኪ.ሜ. ፍጥነት ፊት ለፊት ቢጋጩ፣ ቀላሉ በቅጽበት በሰዓት 64 ኪ.ሜ. የሚያህል የፍጥነት ለውጥ ይደርስበታል፤ ከባዱ ግን 36 ብቻ። በአሮጌው ውስጥ ያለው ሰው ኤርባግ የለውም፣ የሚጨማደድ አፍንጫም በበቂ አልተዘጋጀለትም፣ ከሁሉም በላይ ትልቁን ምት የሚቀበለው እሱ ነው። ከባዱን የሚነዳውም ቢሆን ክብደቱ ለእሱ ጋሻ፣ ለሌላው ግን አደጋ መሆኑን ቢያስብ ጥሩ ነው።

ገራዦቻችንን የሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ልጨምር። በአዲስ መኪና ካቢን ዙሪያ ያለው ብረት ልዩ ነው፤ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በጥንቃቄ ሞቆ በፍጥነት በመቀዝቀዙ ነው። ተጋጭቶ የታጠፈውን እንደ ድሮው በእሳት አሙቆ በመዶሻ ማቃናት ቅርጹን ይመልሰዋል፤ ጥንካሬውን ግን ያጠፋዋል። ቀለም ሲቀባ ከውጭ ምንም አይታወቅም። የሚታወቀው በሁለተኛው ግጭት ነው። የፈነዳ ኤርባግ ሳይተካ ሽፋኑ ብቻ ተለጥፎ የሚሸጥ መኪናም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አዲስ ሞዴል ሆኖ ክፉኛ ተጋጭቶ የተጠገነ መኪና «አዲስ» ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም።

ዳገት ሲወጣ፦ ከፍታው የሚበላው ጉልበት

ሁለተኛው ጥያቄ አቅም ነው። የመኪና ወዳጆች ስለ ፈረስ ጉልበት ሲያወሩ በካታሎግ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይጠቅሳሉ። ያ ቁጥር ግን የሚለካው ለባሕር ጠለል ቅርብ በሆነ የአየር ሁኔታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው።

ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይበላል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ሩቡ ከጎደለ፣ የሚቃጠለው ነዳጅም በዚያው ልክ መቀነስ አለበት፤ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። በካታሎግ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ 45 ገደማ ይሆናል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ከነሰዎቹና ከነዕቃው 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና፣ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በ50 ኪ.ሜ. ፍጥነት ሊወጣ ይፈልጋል። ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 22 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያስፈልገዋል፤ የጎማና የአየር መቋቋሙ ሲጨመር ወደ 27 ይደርሳል። «45 ካለ ምን ጎደለው?» ትሉ ይሆናል። ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በከፍተኛ ዙር ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በመካከለኛ ዙር ግማሹን ቢሰጥ ነው። ለዚህ ነው ሾፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩን እያስጮኸ የሚወጣው።

ካርቡራተር ያለው መኪና ተጨማሪ ችግር አለበት። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት ለይቶ አያውቅም፤ ለቆላ በተስተካከለበት ልክ ነዳጁን ይለቃል። ነዳጁ ሲበዛና አየሩ ሲያንስ ሳይቃጠል የቀረው በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጎበዝ መካኒክ ጂግለሩን ቀይሮ ያስተካክለዋል፤ መኪናው አዋሽ ሲወርድ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጩ ሞተሮች የአየሩን መጠን በሴንሰር እየለኩ ነዳጁን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ጭሱ ይቀንሳል፣ የጎደለው አየር ግን እንደጎደለ ነው።

«አነስተኛ ሞተር ላይ ቱርቦ መግጠም ማታለል ነው» የሚሉ ወዳጆች ብዙ ናቸው። ለቆላ አገር ክርክሩ ሊያስኬድ ይችላል። ለደጋ ግን ቱርቦ ትልቅ በረከት ነው፤ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የወሰደውን ጉልበት አብዛኛውን ይመልሳል።

ኤሌክትሪክ ሞተርስ? ጭራሽ አየር አያስፈልገውም። ሞጆም ሆነ እንጦጦ ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ከቆመበት ሲነሳ ጀምሮ ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን ስለሚሰጥ ማርሽ መቀነስ የሚባል ነገር የለም። ከፍታው እንዲያውም ያግዘዋል፤ አየሩ ስለሳሳ ሲሮጥ የሚገፋው አየር ሩብ ያህል ይቀንስለታል። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀቀው ኢነርጂ 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግማሹን እንኳ ቢመልስ ለ9 ኪ.ሜ. ያህል ጉዞ ይበቃል። በነዳጅ መኪና ይህ ሁሉ ፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

እንግዲህ በአቅም በኩል፣ ለደጋ ከተማ፣ አዲሱ ቴክኖሎጂ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል።

ሲበላሽ፦ ወዳጆች ልክ የሆኑበት ቦታ

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። የድሮ መኪና «አይሞትም» የሚለው እምነት ከየት መጣ?

አንደኛ፣ የሞቱትን አናያቸውም። ዛሬ መንገድ ላይ የምናየው አርባ ዓመት የቆየውን ዲኤክስ ወይም ቮልስ ነው፤ አብረውት ተሠርተው ለቆሻሻ ብረት የተሸጡት ግን አይቆጠሩም። በሕይወት የቀሩትን ብቻ ቆጥረን ስለ ሁሉም መናገር በስታቲስቲክስ የታወቀ ወጥመድ ነው።

ሁለተኛ፣ ያ ዲኤክስ በእውነት «ያው» ዲኤክስ አይደለም። ሞተሩ ስንቴ ወርዷል? ላሜራው ስንቴ ተበይዷል? ካምቢዮው ከየት መጣ? መኪናው የቆየው ስለማይበላሽ አይደለም፤ ሲበላሽ በቀላሉ ስለሚሠራ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ እያንዳንዱን ነገር በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይነካል፤ መለዋወጫው መርካቶና ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ የሌለውን ደግሞ ቶርኖ ቤት ይቀርጽለታል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወዳጆች «ጥንካሬ» እያሉ የሚያወድሱት፣ እንደኔ እምነት፣ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ተጠጋኝነት ነው። በዚህ ረገድ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ወደ ኋላ ሄደዋል። ብልሽቱን ለማወቅ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የአምራቹን ሶፍትዌር ይጠይቃል፤ አንዳንዴ አዲስ ዕቃ ተገጥሞ እንኳ ሶፍትዌሩ «አላውቀውም» ብሎ አይቀበልም። ለቻይና ገበያ ተሠርተው በመጡ መኪኖች ላይ ስክሪኑ ራሱ በቻይንኛ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ዋና መስመር ብዙ ጊዜ ወደ 400 ቮልት የሚደርስ ሲሆን፣ በብርቱካናማ ገመድ ይለያል። ሳይሠለጥን የነካው መካኒክ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ይህ ቅሬታ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ በ2012 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ፣ አምራቾች የጥገና መረጃቸውን ለማንኛውም ገራዥ እንዲያጋሩ የሚያስገድድ ሕግ አጽድቋል። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ደንብ አለው።

ስለ ስክሪንም ወዳጆች ልክ ናቸው። «ኤሲ ለማብራት ሦስት ጊዜ ስክሪን መንካት ምን አመጣው?» የሚለው የብዙዎች ብሶት በ2022 እ.ኤ.አ. በስዊድን ተለክቷል። ቪ ቢልኤጋሬ የተባለ የመኪና መጽሔት 11 አዳዲስ መኪኖችን ከ2005 ሞዴል ቮልቮ ጋር አወዳደረ። ሾፌሮቹ በሰዓት 110 ኪ.ሜ. እየነዱ አራት ቀላል ሥራዎችን፣ ለምሳሌ ማሞቂያ መጨመርና ሬዲዮ መቀየርን፣ እንዲሠሩ ተደረገ። የድሮው ባለ ቁልፍ ቮልቮ 10 ሰከንድ ፈጀ፤ በዚያ ጊዜ 306 ሜትር ተጓዘ። ከአዲሶቹ የመጨረሻ የወጣው ግን 1,372 ሜትር! የሾፌሩ ሐሳብ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ግማሹ ስክሪኑ ዘንድ ነበር ማለት ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የመኪና ደህንነት ፈታሽም ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እንደ ፍሬቻ፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ ያሉ ዋና ዋና ነገሮች በእጅ የሚነኩ መቆጣጠሪያዎች ከሌሏቸው ሙሉ ነጥብ ማግኘት እንዲከብድ አድርጓል።

ዋጋውስ?

«ተወደደ» የሚለው እውነት ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ነው። ኤርባጉ፣ ሴንሰሩ፣ ልዩ ብረቱ፣ ባትሪው ሁሉም ዋጋ አለው። በእኛ አገር ደግሞ የውጭ ምንዛሪና ታክስ ይጨመራል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ የጣለው ታክስ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ሌላው ዓለም ላይ መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እኛ ጋ ግን አሮጌው መኪና ዋጋውን ይዞ፣ አንዳንዴም ጨምሮ ስለሚሸጥ እንደ ባንክ ሆኗል። ሰው ዲኤክስ ሲገዛ «ገንዘቤን አልከስርም» ቢል ከኢኮኖሚ አንጻር ሞኝነት አይደለም።

ሆኖም የመግዣ ዋጋ የዋጋው ግማሽ ታሪክ ነው። ትክክለኛው መለኪያ አንድ ኪሎ ሜትር ስንት ያስወጣኛል የሚለው ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኢነርጂ ይይዛል። በ100 ኪ.ሜ. 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና 72 ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ ማለት ነው፤ አብዛኛው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ተመጣጣኝ የኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ቢበቃው ነው።

ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት። የገዛችሁበትን ዋጋ ያዙ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ይሸጥበታል ብላችሁ የምትገምቱትን ቀንሱ። የአምስት ዓመቱን የነዳጅ ወይም የመብራት ወጪ፣ የጥገናውንና የኢንሹራንሱን ጨምሩ። ድምሩን በምትነዱት ኪሎ ሜትር አካፍሉ። ለኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ጥያቄ የባትሪው ጤንነት ነው፤ ለአሮጌ መኪና ደግሞ የጥገናው ድግግሞሽ። ብዙ የሚነዳ ሰው መልሱ ወደ ኤሌክትሪክ ያዘነብልለታል፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚያወጣት ሰው ላይ ግን የመግዣው ዋጋ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ኤሌክትሪክ የምትገዙ ከሆነ፣ ስለ ፍጥነቱና ስለ ስክሪኑ ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት ይሰጠኛል ወይ? ዋስትናው እዚህ አገር ይሠራል ወይስ በተሸጠበት አገር ብቻ? የመመርመሪያ ሶፍትዌሩና የሠለጠነ ባለሙያ ያለው ገራዥ የት ነው? ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለው፣ ቅናሹ ቅናሽ አይደለም።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነም ይሁን፤ ግን ቀበቶዎቹ በሙሉ፣ የኋላዎቹም ጭምር፣ ጠብቀው የሚይዙ ይሁኑ። ሻሲው ዝገት እንዳልበላው፣ ተቆርጦ እንዳልተበየደ ከሥር አስፈትሹ። ከተማ ውስጥ በመጠኑ እየነዱ መጠቀም አንድ ነገር ነው፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ቤተሰብ ጭኖ በ100 መብረር ሌላ ነገር ነው። ቆርቆሮው ወፈረም ሳሳም፣ የፊዚክስ ሕግ ትዝታ አይሰማም።

ለመሐንዲሶችና ለፖሊሲ አውጪዎች ደግሞ የወዳጆቹ ቅሬታ መልእክት አለው። ከድሮው መኪና መመለስ ያለበት ወፍራሙ ቆርቆሮ አይደለም፤ መካኒኩ ከፍቶ የሚያየው፣ ተረድቶ የሚጠግነው መሆኑ ነው። በየቀኑ በሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ልክ የጥገና መረጃ፣ ሥልጠናና መለዋወጫ አብሮ ካልገባ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በየሰፈሩ ጎማቸው ተንፍሶ የቆሙ ውድ መኪኖች እናያለን። ያኔ ቡና ጠረጴዛው ላይ ያ ሰውዬ «አላልኳችሁም? እንደ ድሮው መኪና የለም!» ቢል፣ የምንመልስለት አይኖረንም።